ከምንጣፉ አትውጪ

በዚያ ቀን ግድቡ ላይ የነበርነው ዘጠኝ ሰዎች ነን። እኔ፤ ያኔ ስምንት ዓመት የሆናት ልጄ ሰላም፤ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ታናሿ ያሬድ፤ ጎረቤቴ ዘይነባ፤ ዓይናቸው የደከመው የዘይነባ አማት እመት ፋጡማ፤ መርሳ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ የነበረው መካኒኩ ታደለ፤ ከውርጌሳ በእግራቸው መጥተው የተቀላቀሉን፣ ስማቸውን እስከ ዛሬ የማላውቀው ባልና ሚስት፤ እና አባ ይመር። ባልና ሚስቱ አንዲት ነጭ ፍየል ይጎትቱ ነበር። ስምንታችን ወንዙን ተሻግረናል፤ ፍየሏም ተሻግራለች። ያልተሻገሩት አባ ይመር ብቻ ናቸው።

ስለ እሳቸው ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቼ አስቀምጫለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አሁን የጻፍኩት ስለፈራሁ ነው። በቅርቡ ዘይነባ ቤት ተቀምጠን አንድ እንግዳ «ያ ዓሣ ያጠምድ የነበረ ሽማግሌ፣ አላህ ይዘንለትና...» ብሎ ወሬ ጀመረ። ማንም አላረመውም። እኔም አላረምኩትም። ወደ ቤት ስንመለስ ሰላም «እማዬ፣ አባባ ይመር ሞተዋል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሞቱ ብሎ የነገረን የለም። ቀበርኳቸው ያለም የለም። ሰው በወሬ ብቻ ሊሞት ነው ብዬ ደነገጥኩ።

ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ ወንዙ ከተራራው ወርዶ ሜዳ በሚይዝበት ቦታ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው የሲሚንቶ ግድብ አለ። ትልቅ ግድብ አይደለም፤ ቁመቱ ከሰው ራስ ብዙም አይበልጥም። ሥራው ውኃውን አቅጣጫ አስቀይሮ ወደ መስኖው ቦይ ማስገባት ነው። በከተማው በኩል ባለው ዳር ሁለት የብረት በሮች አሉት። አንደኛው ውኃውን ወደ ቦዩ ያስገባል። ሁለተኛው የደለል በር ነው፤ ሲከፈት የተጠራቀመውን ደለል ጠርጎ ወደ ታች ወደ ወንዙ ይለቀዋል። እነዚህን በሮች የሚከፍቱና የሚዘጉ፣ ውኃውን ለገበሬው በተራ የሚያዳርሱ የውኃ አባት አባ ይመር ነበሩ።

ተራ የሚለኩት በሩ አጠገብ በተተከለ እንጨት ጥላ ነው። ጥላው ምልክቱ ላይ ሲደርስ ገበሬው ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ቢምል አይሰሙትም። ጦርነቱ መጥቶ ግማሹ ሰው ሲሸሽ እንኳ ተራ አላዛነፉም። ባለቤቱ የሌለውን ማሳ በተራው ቀን ራሳቸው ያጠጡታል። ታደለ አንድ ቀን «አባ ይመር፣ የሸሸ ሰው በቆሎ አጠጥተው ለማን ሊሆን ነው?» ቢላቸው «የሸሸው ሰውየው ነው፤ ተራው መች ሸሸ» አሉት።

ረጅም ናቸው፤ ትንሽ ጎበጥ ይላሉ። ሽርጥ ታጥቀው፣ አረንጓዴ ኮንጎ ጫማ አድርገው ነው የሚውሉት። የግራ እጃቸው ሌባ ጣት ጫፉ የለም፤ በልጅነታቸው የዓሣ መረብ ገመድ ቆርጦት ነው። ተወልደው ያደጉት ሐይቅ ዳር ነው። አባታቸው አጥማጅ ነበሩ። መርሳ አግብተው ከኖሩ ብዙ ዘመን ቢሆናቸውም ዓሣ መፈለግ አልተዉም። የእኛ አካባቢ ሰው ዓሣ አያውቅም። አምባዛ ይዘው በገበያ መሀል ሲያልፉ ጢሙን እያዩ «አባ ይመር፣ ይኼ እባብ ነው ድመት?» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም «ስትራብ ይገባሃል» ይላሉ።

ራብ መጣ።

መንገዱ በሐምሌ ተዘጋ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ደሴ ማዶ እንዳለ ቀረ፤ ስልክም ጠፋ። ታጣቂዎች ከተማውን ያዙ። ወፍጮው ቆመ፣ ሱቆች ተዘጉ፣ ገበያ የሚባል ነገር ቀረ። እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። በሰላሙ ጊዜ እንኳ ልጆቼ ባጃጅ ሲሳፈሩ በሩ ጋ እጄን ደግፌ ነው የምቀመጠው። ያን ጊዜ ደግሞ ሌሊት የተኙትን ልጆች ትንፋሽ እሰማለሁ፣ ጠዋት ዱቄቱን በዓይኔ እለካለሁ። ያሬድ ከሳ። ክንዱን በሁለት ጣቴ ስይዘው ጣቶቼ ይገናኙ ነበር።

አንድ ጠዋት ዘይነባ በቅጠል የተሸፈነ ሳህን ይዛ መጣች። «አባ ይመር ለልጆቹ ብለው ነው» አለች። ገለጥ አድርጌ አየሁ፤ ተጠርጎ የተቆራረጠ ዓሣ ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እሳቸው ሙስሊም ናቸው። በአገራችን በሁሉ ነገር አብረን እንኖራለን፤ ተጋብተንም ተዋልደንም ይሆናል፤ በሥጋ ላይ ግን ድስታችን ለየብቻ ነው። ሳህኑን ይዤ እንደ ሞኝ ቆምኩ። ልጆቼ ይራባሉ፤ እኔ ደግሞ የማን ካራ ነክቶት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ሳህኑን እንደያዝኩ እስከ ግድቡ ሄድኩ።

«አባ ይመር፣ አይቀየሙኝ፤ ይኼን ሲያርዱ...» ብዬ ጀምሬ አቋረጥኩ።

እሳቸው መንጠቋቸውን እንደያዙ ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ማን አረደውና! ዓሣ ካራ መች ያውቃል፣ ልጄ? ከውኃ ወጣ፣ ሞተ። እኔ ቢስሚላህ አላልኩበት፣ ቄሱ አልባረኩት። እንደ ጎመን ቁጠሪው።»

«ፍልሰታ ነው እኮ።»

«አንቺ ጹሚ። ልጁም ይጹም ወይ?»

ያሬድ ያን ቀን መረቁን ጠጥቶ ከረጅም ጊዜ በኋላ ሳያለቅስ ተኛ። ከዚያ በኋላ ዘይነባና እኔ በአንድ ድስት መቀቀል ጀመርን። ከዚያ በፊት አድርገነው አናውቅም። እመት ፋጡማ «ጦርነት ያገናኘው ድስት» እያሉ ይቀልዱብን ነበር።

ዓሣ ዝም ብሎ የሚገኝ ነገር እንዳይመስላችሁ። እኔ ውኃ ውስጥ ሁሉ ያለ ይመስለኝ ነበር። አባ ይመር ግን ግድቡን እንደ ቤታቸው ነው የሚያውቁት፤ ሥፍራውንም በቤት ዕቃ ነው የሚጠሩት። ከደለሉ በር ሥር ያለው ጥቁር ጥልቅ ውኃ «ጓዳ» ነው፤ አምባዛ ቀን ቀን እዚያ ይደበቃል። ውኃው ከግድቡ አናት ወርዶ ነጭ ሆኖ የሚፈላበት «ድስት» ነው፤ «እዚያ የገባ ሰው አይወጣም፤ ዓሣም አያድርበትም» ይላሉ። ከጓዳው በታች ጀምሮ ወንዙን በሰያፍ የሚያቋርጠው የጠጠር ወለል ደግሞ «ምንጣፍ» ነው። ምንጣፉ መሀል ወንዝ ካለው ትልቅ ድንጋይ ሥር አልፎ ማዶ ዳር ይደርሳል። ከድንጋዩ ጀርባ ውኃው ጸጥ ይላል። አረፋው ሳይሄድ ዝም ብሎ በቦታው ይዞራል።

«አረፋው የሚዞርበትን እይ» ይሉኛል። «ዓሣም እንደ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከወራጅ ጋር ሲታገል አይውልም። የሚያርፍበት ይፈልጋል። ያቺን ማረፊያ ፈልጊ፤ ሌላውን ተዪው።»

ጠዋት ከመጡ መጀመሪያ መንጠቆ አይጥሉም። ጫማቸውን አውልቀው፣ መዳፋቸውን ግድቡ ሲሚንቶ ላይ አስደግፈው ጥቂት ይቆማሉ። ውኃው ከመጨመሩ በፊት ሲሚንቶው ይንቀጠቀጣል ይሉ ነበር። እኔ መዳፌን አስደግፌ ቅዝቃዜ ብቻ ነው የተሰማኝ። ክራቸውን የሚጠመጥሙት በበቆሎ ቆረቆንዳ ላይ ነው። ትል ሲያጡ ሊጥ በጥጥ አሽተው መንጠቆው ላይ ያደርጋሉ። ትንሽ ዓሣ ከያዙ ይመልሱታል፤ ሲመልሱትም «ሂድ፣ ተራህ አልደረሰም» ይሉታል። ሰላም ይቺን ሰምታ ያሬድ እንጀራዋን ሲነጥቃት «ተራህ አልደረሰም» ማለት ጀመረች።

የእሳቸውን ትምህርት እኔ በፍርሃቴ አንድ ቀን ረስቼዋለሁ። ያሬድን አዝዬ ብቻዬን ወርጄ ነበር። ከግድቡ በላይ ዳር ዳሩን ይዤ ወደ ላይ መሄድ ፈለግሁ፤ ውኃው አስፈራኝና ራቅ ብዬ በደረቁ ልሂድ አልኩ። መሬቱ ጠንካራ ይመስላል፤ ፀሐይ አድርቆት እንደ ሸክላ ተሰነጣጥቋል። አምስተኛው እርምጃዬ ላይ እስከ ጉልበቴ ሰጠምኩ። እግሬን ልነቅል ስል ሌላኛው እስከ ጭኔ ገባ። ደለል ነበር። በጀርባዬ ልጄ ይሥቃል፤ ጨዋታ መስሎት። መጮህ ፈራሁ፤ ታጣቂዎቹ መንገዱ ላይ ናቸው። ቀስ ብዬ «አባ ይመር» አልኩ። 

ከየት እንዳዩኝ አላውቅም። በሆዳቸው ተኝተው ሽርጣቸውን ወረወሩልኝ። «አትታገዪ። ልጁን ወደፊት አምጪው፤ መጀመሪያ እሱን። አብሽሪ። አብሽሪ፣ ልጄ።» ያሬድን ጎትተው ወሰዱ፤ ከዚያ እኔን። ስንወጣ በቁምጣ ቆመው ይንቀጠቀጡ ነበር። ዓይኔን ወደ መሬት አደረግሁ።

«ውኃውን ፈርተሽ ደለሉን አመንሽው» አሉኝ። አልተቆጡም። «ውኃው ቢያንስ ውኃ ነኝ ይላል።»

ስለ ታደለም መናገር አለብኝ፤ እሱም እንዲጻፍ ፈቅዷል። ታደለ አፈኛ ነው፤ ግን ልቡ ጥሩ ነው። ራቡ ሲጠና ብርብራ ፈጭቶ በጆንያ ይዞ መጣ። ብርብራ የዛፍ ፍሬ ነው፤ ዱቄቱ ውኃ ውስጥ ሲበተን ዓሣውን ሁሉ አደንዝዞ ያንሳፍፈዋል። «በአንድ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ይጠግባል!» አለ። ሰውም ደስ አለው፤ እኔም ጭምር። ያሬድ በጀርባዬ ነበር።

አባ ይመር ከጆንያው አንድ እፍኝ አነሡ፤ በጣሳ ውኃ በጠበጡት። ለታደለ ዘረጉለት።

«ጠጣው።»

«ኧረ አባ ይመር! ለዓሣ ነው እንጂ...»

«እመት ፋጡማ ከታች ትቀዳለች። የዚህ ልጅ መረቅ ከዚህ ይቀዳል። መጀመሪያ አንተ ጠጣና አሳየን፤ ከዚያ ጣለው።»

ታደለ ጣሳውን ያዘ። ሁላችንም አየነው። ግንባሩ ላበ። ከዚያ ጣሳውን ሜዳ ላይ ደፋው፤ ጆንያውንም ራሱ ወስዶ ቀበረው። በማግስቱ አባ ይመር ጓዳው ላይ መንጠቆ አስይዘው ሲያስተምሩት አየሁ። «መኪና ትፈታለህ፣ ትል ማሰር አቃተህ?» ይሉታል። ታደለም «ትሉ ብሎን የለውም እኮ!» ይላል።

ታጣቂዎቹም ግድቡን ያዩት ነበር። አንድ ቀን ሦስቱ መጥተው ከሁለት ሰው በላይ እዚህ እንዳይቆም ብለው አዘዙ። አንደኛው አባ ይመርን «ሽማግሌ፣ ወንዙን በየት በኩል ነው የሚሻገሩት?» አላቸው። እኔ ከቁጥቋጦው ሥር የዱር ጎመን የምለቅም መስዬ ቁጭ ብያለሁ፤ እጄ ባዶ ሣር ይነቅላል።

«ድልድይ እያለ ማን በውኃ ይሻገራል፣ ልጄ?» አሉት። «እኔ ዓሣ የሚያርፍበትን ነው የማውቀው። ና ላሳይህ።» ወስደው ድስቱን አሳዩት። ሰውየው የሚፈላውን ውኃ አይቶ ወደ ኋላ አለ። ምንጣፉን ጀርባቸውን ሰጥተውበት ቆመው ነበር።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ተኩሱ ቀረበ። መጀመሪያ ከሲሪንቃ በኩል ነበር የሚሰማው፤ በኋላ ከውርጌሳ በኩልም ጀመረ። ያን ቀን ከረፋዱ ጀምሮ ከባድ መሣሪያ ከተማው ዳር ይወድቅ ጀመር። ዘይነባ በሩን ሳታንኳኳ ገባችና «ተነሺ። ማዶ እንሻገር» አለች። ማዶ የወንድሟ መንደር አለ፤ ከመንገዱ የራቀ ነው። ድልድዩ ላይ ደግሞ ውጊያ ነበር። የቀረው ግድቡ ብቻ ነው።

ስንደርስ አባ ይመር መዳፋቸውን ሲሚንቶው ላይ አስደግፈው ቆመዋል። ታደለ ቀድሞን ደርሷል፤ የውርጌሳዎቹ ባልና ሚስትም ፍየላቸውን ይዘው ቆመዋል። ሰማዩ እኛ ላይ ጥርት ያለ ነበር።

«ዓሣው ዳር ወጥቷል» አሉን፤ ሰላምታ እንኳ አልሰጡንም። አየሁ። ትንንሾቹ ዓሦች ከምንጣፉ ላይ ሸሽተው ዳሩ ሣር ውስጥ ተከማችተዋል፤ አፋቸው ከውኃ በላይ ይከፈታል። «ተራራው ላይ ዘንቧል። ጎርፉ እየመጣ ነው። ከመጣ ደግሞ ዛሬ አይሻገሩትም።»

«እንመለስ?» አልኩ።

ከተማው ላይ አንድ ከባድ መሣሪያ ወደቀ። 

ምንጣፉ ላይ ውኃው ያን ሰሞን ወገብ ይደርስ ነበር፤ ይገፋልም። አባ ይመር የሚያደርጉትን ነገሩን። የደለሉን በር ይዘጋሉ፤ የቦዩን በር እስከ መጨረሻው ይከፍታሉ። ያን ጊዜ ውኃው ወደ ቦዩ ስለሚሄድ ወንዙ ይጎድላል፤ ምንጣፉ ላይ እስከ ጉልበት ይወርዳል። ግን ጎርፉ የቦዩን በር ክፍት ሆኖ ካገኘው ቦዩን ሰብሮ እርሻውንም ከታች ያለውንም መንደር ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ሰው መቆየትና ጎርፉ ሳይደርስ በሩን መዝጋት አለበት።

«እኔ ልቆይ» አለ ታደለ።

«አንተ እመት ፋጡማን ታዝላለህ። ይኼ የእኔ በር ነው። እዘጋና እከተላችኋለሁ፤ ካልሆነም በዳር ዳሩ ወደ ቆላው እወርዳለሁ።» የብረት ዘንጋቸውን ከድንጋይ ሥር አውጥተው የበሩ መዘውር ውስጥ አስገቡ። የመዘውሩ እጀታ ከተሰበረ ቆይቷል፤ በዘንግ ነው የሚዞረው። ሁለቱንም በሮች አዙረው ሲጨርሱ ወንዙ ዓይናችን እያየ ጎደለ። የምንጣፉ ጠጠር መታየት ጀመረ።

«ግቡ። ድስቱን በግራችሁ አድርጉ፤ እስከ ድንጋዩ ቀጥ በሉ። ከምንጣፉ የወጣ የለም። ለሩብ ሰዓት ውኃው የእናንተ ነው፤ ከዚያ የእኔ አይደለም።»

ባልና ሚስቱ ገቡ። ፍየሏ እምቢ አለች፤ ባልየው ትከሻው ላይ አደረጋት። ታደለ እመት ፋጡማን አዝሎ ተከተለ። እመት ፋጡማ በጀርባው ሆነው «ቀስ በል፣ አንተ የብረት ልጅ፤ እንደ መኪናህ ገልብጠህ እንዳትጥለኝ» ይሉታል። ዘይነባ ጓዟን ራሷ ላይ አድርጋ ወደ እኔ እጇን ዘረጋች።

«ሰላምን እኔ ልያዛት። አንቺ ያሬድን እዘዪ፤ አብረን እንግባ።»

«አይሆንም። ልጄን ለማንም አልሰጥም። አንድ በአንድ ነው የማሻግራቸው።»

«የሰላም እናት!» አሉ አባ ይመር። «አንዱን እዘዪ፣ አንዷን ስጫት። ጊዜ የለም።»

እምቢ አልኩ። ለምን እምቢ እንዳልኩ ብዙ ሌሊት አስቤዋለሁ። ሁለት እጅ አለኝ፤ ሁለት ልጅ አለኝ፤ አንዱን ስይዝ ሌላው ይወድቃል ብዬ ነው የፈራሁት። ደለሉ ውስጥ የገባሁ ቀን የተሰማኝ ነገር እግሬ ላይ አለ። ያሬድን አዝዬ ከዘይነባ ኋላ ገባሁ። ሰላም ከአባ ይመር ጋር መዘውሩ አጠገብ ቀረች።

ማዶ ደርሼ ያሬድን ለዘይነባ ሰጠኋት። ልጁን ስትቀበለኝ ፊቷ አመድ መስሏል። ተመልሼ ገባሁ። ድንጋዩ ጋ ስደርስ ድምፅ ሰማሁ። መንገዱ ላይ የሚሄድ የጭነት መኪና ሰልፍ መሰለኝ። ሲሚንቶው ላይ መዳፋቸውን ያሳረፉት አባ ይመር ግን ፊታቸውን ወደ ተራራው አዞሩ።

ሰላምን ወደ ውኃው ዳር ሰደዷት። ብቻዋን ወረደች፤ በእጇ አንድ ነገር ጨብጣለች። እጇን ያዝኩ፤ በእጇ ያለው ቆረቆንዳው ነበር፤ ክሩም መንጠቆውም እንደተጠመጠመበት። «አባባ ማዶ እስክመጣ ያዢልኝ አሉኝ» አለች። አዝዬአት ዞርኩ። ውኃው ከቅድሙ ጨምሯል፤ ቀለሙም ተለውጧል። ጠጠሩ አይታየኝም። የት እንደምረግጥ ጠፋኝ። ቆምኩ።

«ቀጥ በይ!» አሉ ከኋላዬ። «ድንጋዩን እይ፤ እግርሽን አትይ!»

ድንጋዩን አየሁ።

«አሁን ወደ ቀኝ! ከምንጣፉ አትውጪ! አብሽሪ! አብሽሪ!»

በድምፃቸው ነው የሄድኩት። አንድ ጊዜ እግሬ ከጠጠሩ ወርዶ ባዶ ረገጠ፤ «ቀኝ!» ሲሉ ሰማሁና ተመለስኩ። ታደለ እስከ ወገቡ ገብቶ እጄን ያዘኝ። ዳር ወጥቼ ስዞር አባ ይመር ዘንጉን እያዞሩ ነበር። እኔ እስከምወጣ ድረስ በሩን አልነኩትም። ቀድመው ቢዘጉት ውኃው ምንጣፉ ላይ ይመለስና እኔንና ሰላምን ይወስደን ነበር። ጠብቀውኛል።

ጎርፉ በግድቡ አናት ላይ ቡናማ ሆኖ መጣ። ዛፍ ይዞ፣ የሞተ በሬ ይዞ። የቦዩ በር ግማሹ ብቻ ነበር የወረደው። በዚያው ቅጽበት ከመንገዱ በኩል ተኩስ ተከፈተ፤ ታደለ ሁላችንንም መሬት ላይ ጣለን። ሰላምን ደረቴ ሥር አድርጌ ፊቴን ጭቃ ውስጥ ቀበርኩ። ቀና ስል ዘንጉ መዘውሩ ውስጥ እንደቆመ ነው። አባ ይመር አይታዩም። ታደለ «አባ ይመር!» ብሎ ጮኸ፤ ድምፁን ውኃው ዋጠው። ተኩሱ እንደገና ሲጀምር ወደ መንደሩ ሮጥን።

መንገዱ ተከፍቶ ስንመለስ ቤት ከመግባቴ በፊት ግድቡ ጋ ሄድኩ። ዘይነባ ከእኔ ጋር ነበረች። ቦዩ አልፈረሰም። በቆሎው ቆሟል፤ ከታች ያለው መንደርም አለ። የቦዩ በር እስከ መጨረሻው ተዘግቷል። እኔ በመጨረሻ ሳየው ግማሹ ክፍት ነበር። ዘንጉ መዘውሩ ውስጥ የለም። ድንጋዩን አንሥቼ አየሁ፤ ዘንጉ በቦታው፣ ድንጋዩ ሥር ተቀምጧል። ያንን ቦታ ከእሳቸውና ከእኛ ሌላ የሚያውቅ የለም፤ እኛ ደግሞ ማዶ ነበርን።

ስለዚህ እኔ ካየኋቸው በኋላ በሕይወት ነበሩ። በሩን ጨርሰው ዘግተዋል። ዘንጋቸውን አንሥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ቦታው አስቀምጠዋል። ውኃ የወሰደው ሰው ይህን አያደርግም። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሄዱ ነው የማላውቀው።

ወደ ታች እስከ ቆላው ድረስ ጠየቅን፤ አስከሬን ያገኘ የለም። አንድ ሹፌር በዚያ ሰሞን ሲሪንቃ መንገድ ዳር ታጣቂዎች ሸክም አሸክመው የሚነዷቸው ሽማግሌዎች ውስጥ አንድ ረጅም ሰው አየሁ አለኝ፤ ጫማቸውን ግን አላስተዋለም። አንዲት ሴት ወልድያ ተፈናቃዮች ባረፉበት ግቢ ውስጥ ለልጆች የዓሣ ታሪክ የሚያወሩ ሽማግሌ ነበሩ አለችኝ፤ ስማቸውን አልጠየቀችም። ሁለቱም ቦታ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ባለቤታቸው ከጦርነቱ በፊት አርፈዋል፤ ልጅ የላቸውም። የሚጠይቅላቸው ሰው እኔ ነኝ።

ዘይነባ ያን ቀን ስለዘገየሁት ነገር አንድም ጊዜ አንሥታብኝ አታውቅም። ይህንን ስታነብ እንደማውቀው ታውቅ። ሰላም አሁን አድጋለች። ቆረቆንዳውን በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ አስቀምጣለች፤ ታደለ አንድ ቀን ላጥምድበት ቢላት «የሰው ነው፤ ይመጣሉ» አለችው።

ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ የግራ እጃቸው ሌባ ጣት ጫፍ የሌለው፣ ሰው ሲጨነቅ «አብሽሪ» የሚሉ ሽማግሌ ናቸው። ይመር ይባላሉ፤ የሐይቅ ተወላጅ ናቸው፤ የመርሳ ግድብ የውኃ አባት ነበሩ። በዚያ መስከረም መጨረሻ ወይም ከዚያ ወዲህ በየትም ቦታ ያያችኋቸው፣ ከእሳቸው ጋር የታሰራችሁ፣ የተሸከማችሁ ወይም የተጠለላችሁ ካላችሁ፣ ወይም ቀብራችኋቸው ከሆነ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። መርሳ መጥታችሁ የሰላም እናት የምትባለው የት ናት ብላችሁ ብትጠይቁ ቤቴን ያሳዩአችኋል።